የወንዝ ወለልና የበጀት ዓመት፦ የእርሻ መሬትን ከጎርፍ ለመጠበቅ ስለሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ

በደብረ ማርቆስ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የአደባባይ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው ስለ ጭቃና ስለ ገንዘብ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። የእርሻ መሬትን ከጎርፍ ለማዳን የወንዝ ወለል በመንግሥት ወጪ ሊጠረግ ይገባል ወይ? የወንዝ ወለል ጠረጋ ስል በወንዙ ሆድ የተከማቸው ደለል በሰው ጉልበት ወይም በኤክስካቫተር ተዝቆ መውጣቱን ማለቴ ነው። መልሴንም ከወዲሁ ልስጥ። አዎን፣ ይገባል። ነገር ግን ጠረጋው የአንድ ጊዜ ፕሮጀክት ወይም የአደጋ ጊዜ ወጪ ሆኖ እስከ ቀጠለ ድረስ ገንዘቡ በየክረምቱ ከደለሉ ጋር ተመልሶ ይቀበራል። የቀረው ንግግሬ የዚህ አሳብ ማብራሪያ ነው።

ከገዛ ቀዬዬ ልጀምር። ያደግሁት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። አባቴ ሐምሌ ላይ ጤፍ ሲዘራ ማሳውን አግድም እየሰነጠቀ ፈሰስ ያወጣ ነበር። ፈሰስ ምን እንደሆነ የገበሬ ልጆች ታውቃላችሁ፤ የክረምቱ ውሃ ዘሩን እንዳያጥበው በማረሻ የሚቀደድ መውረጃ ነው። ከእኛ ማሳ የወጣው ውሃ ታዲያ ወደ ጎረቤታችን ማሳ ይገባል፤ ጎረቤታችንም በተራው ፈሰስ ቀድዶ ወደሚቀጥለው ይለቅቀዋል። በዚህ ምክንያት በየክረምቱ ጠብ አይጠፋም ነበር። ከሁሉም ማሳ በታች፣ ፈሰሶቹ በሚገናኙበት ቦታ፣ ቦረቦር ነበረ። በልጅነቴ ዘልዬ እሻገረው ነበር። ጎልማሳ ሆኜ ስመለስ በሬም የማይሻገረው ገደል ሆኖ አገኘሁት። አፈሩ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እኔም ለረጅም ጊዜ አልጠየቅሁም።

አፈሩ የት እንደሄደ ለማወቅ የአገራችንን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ጮቄ የሚነሡት ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ወንዞች አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ሰፊ ሜዳ ስለማያገኙ ደለላቸውን በእኛ ደጃፍ አያራግፉም። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም የወንዝ ሙላት የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የሚወሰደው መሬታችን እንደሆነ ሳይሰማን ዘመናት አልፈዋል።

ወደ ሰሜን ምዕራብ ብንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል አባይና የቆጋ ወንዝ ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ርብና ጉማራ የጉናን ተራራ አፈር ተሸክመው የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ። የጉና ደጋ እንደ ጮቄ ደጋ ነው፤ ዳገቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሞፈርና ቀንበሩም ያው ነው። ልዩነቱ የጉና አፈር የሚያርፈው ሰው በሚኖርበትና በሚያርስበት ሜዳ ላይ መሆኑ ነው። በገደል ስለተሰወረብን የራሳችን ታሪክ መጨረሻውን ማየት የፈለገ ፎገራን ይመልከት።

የፎገራ ነገር እንዲህ ነው። ወንዙ ከዳገት ሲወርድ ፈጣን ነው፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዝላል፤ ሐይቁ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ከነጭራሹ ይተኛል። የዛለ ውሃ የተሸከመውን ያራግፋል። በጉማራ ወንዝ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በወንዙ መለኪያ ጣቢያ አካባቢ ወለሉ ከ1963 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ጨምሯል። ይህ የሁለት ሰው ቁመት ሊሆን ምንም አይቀረውም። ወለሉ ሲነሣ የወንዙ ሆድ ይጠብባል፤ ትናንት በወንዙ ውስጥ ያልፍ የነበረው ውሃ ዛሬ ከአፋፍ አልፎ ወደ ማሳ ይገባል። ዝናቡ ባይጨምር እንኳ ጎርፉ ይጨምራል ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ከእናንተ መካከል ታላላቆቹ ታስታውሳላችሁ። ድሬዳዋ በሌሊት ደራሽ ጎርፍ በተመታችበትና ኦሞ ወንዝ በደቡብ ብዙ ሕይወት ባጠፋበት በዚያው ወቅት፣ በጣና ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችም በውሃ ተውጠው ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ሥጋቱ አብሮ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የሜዳው ገበሬ ጎርፍን ፈጽሞ አይጠላም። ደለሉ መሬቱን ያወፍርለታል፤ ውሃው ሲሸሽ ጓያ ይዘራበታል፤ የጣና ውሃ ሲጎድል ባሕር ሸሹን ያርሳል። ቀድሞ ውሃ ይተኛበት የነበረው ሜዳ ዛሬ በሩዝ የታወቀው ገበሬው ከውሃ ጋር መኖርን ስለተማረ ነው። እርሱ የሚፈራው ጊዜውን ያልጠበቀ፣ ልኩን ያለፈና ቶሎ የማይወጣ ውሃን ነው። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ዓላማ ጎርፍን ማጥፋት ሊሆን አይችልም። ዓላማው ውሃው በልክ እንዲመጣና በጊዜው እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ለምን ታዲያ ገበሬዎቹ ራሳቸው አይጠርጉትም? ይህን ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ሁልጊዜ ያነሡብኛል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ በአባቴ ፈሰስ ውስጥ አለ። አንድ ገበሬ በራሱ ማሳ ፊት ለፊት ያለውን ወንዝ ቢጠርግ ውሃው ፈጥኖ ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ይደርሳል። የራሱን አፋፍ በአፈር ቢያስረው ደግሞ ውሃው ወደ ማዶ ይዞራል። እያንዳንዱ ራሱን ሲያድን ሌላውን ያሰምጣል። ወንዙ ከላይ እስከ ታች አንድ አካል ስለሆነ የሚጠርገውም ወንዙን በሙሉ የሚያይ አካል መሆን አለበት። ለጠረጋ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ድሀ ገበሬን መርዳት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ስፋቱ 20 ሜትር በሆነ ወንዝ ላይ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ የ1 ሜትር ውፍረት ያለው ደለል ቢነሣ የሚወጣው 20,000 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ይህን ለማጓጓዝ 1,250 ጊዜ መመላለስ አለበት። በሌላ በኩል ስዊሳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በአገራችን ደጋዎች ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከእያንዳንዱ ሄክታር እንደሚታጠብ ገምተዋል። እንግዲህ 1,000 ሄክታር የታረሰ ዳገት 42,000 ቶን ይሰጣል ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደለል 1.4 ቶን ይመዝናል ብንል ይህ 30,000 ሜትር ኩብ ነው። አብዛኛው በመንገድ ላይ ይቀርና ሩቡ ብቻ ከጠረግነው ቦታ ይደርሳል እንበል። 7,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የጠረግነው አንድ ኪሎ ሜትር ተመልሶ ይሞላል።

ይህ የጥቁር ሰሌዳ ስሌት መሆኑን አትርሱ፤ እውነተኛው ወንዝ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ትምህርቱ ግን አይለወጥም። 1,000 ሄክታር 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የጉማራ ተፋሰስ ደግሞ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ጠረጋ እንደ ድልድይ አንዴ ተሠርቶ የሚመረቅ ነገር ሊሆን አይችልም። ቤት እንደ መጥረግ ነው፤ ዛሬ ተጠርጎ ነገ ይቆሽሻል። ቤት የምንጠርገው በመደበኛ ሥራ እንጂ በፕሮጀክት አይደለም።

ጠረጋ አያዋጣም ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የወንዙን አፋፍ በአፈር ክምር ማሳደግን ነው። ይህም ለጊዜው ይጠቅማል። ነገር ግን አፋፉ ሲታሰር ደለሉ በሜዳው ላይ መበተኑን ትቶ በወንዙ ውስጥ ይከማቻል፤ ወለሉ ሲነሣም አፋፉ እንደገና ይነሣል። የቻይናው ቢጫ ወንዝ በዚህ መንገድ ተጉዞ በአንዳንድ ቦታ ወለሉ ከአካባቢው ሜዳ በብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ወንዝ አንድ ቀን አፋፉን ሲጥስ የሚያደርሰው ጥፋት ከቀድሞው ጎርፍ ሁሉ የከፋ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳዬ የዘመን መቁጠሪያ ነው። የመንግሥታችን በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የወንዙ ዓመት ግን ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ማንም አይቀርበውም። በመስከረም መጉደል ይጀምራል፤ በኅዳር ወለሉ ይታያል፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ማሽን ሊገባበት ይችላል፤ በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ደጅ ላይ ነው። ሁለቱ መቁጠሪያዎች ሊስማሙ ይችሉ ነበር። ልኬቱ በኅዳር፣ ጨረታው በታኅሣሥ፣ ሥራው በጥርና በሚያዝያ መካከል ቢሆን ሁሉም በጊዜው ያልቃል። ነገር ግን የጨረታ ሰነድ እስኪዘጋጅ፣ አሸናፊው እስኪለይ፣ ነዳጅና ማሽን እስኪገኝ ጥርና የካቲት ያልፋሉ። ከዚያም በጀቱ እንዳይመለስ በግንቦት ጥድፊያ ይጀመራል። የወጣው ደለል ሳይጓጓዝ አፋፉ ላይ ይከመራል፤ የመጀመሪያው የሰኔ ዶፍ መልሶ ወደ ወንዙ ይገፋዋል። ያልጠረግነው ያህል ነው፤ ብሩ ግን ወጥቷል።

የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እርሱ የሚለቀቀው ውሃው ማሳ ከገባ በኋላ፣ ማለትም መጥረግ በማይቻልበት ወር ነው። በዚያን ጊዜ ሊገዛ የሚችለው ድንኳንና የዕርዳታ እህል ነው። ሰው ማዳን ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን ይህን ወጪ በጎርፍ መከላከል ስም መመዝገብ ራስን ማታለል ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ሒሳብ የማረጋገጥ ጉዳይ ነው፤ በተለይ ለሒሳብ አያያዝና ለምሕንድስና ተማሪዎች አደራ የምለው ነው። መንገድ ሲሠራ ኦዲተሩ ሄዶ መንገዱን ያያል። ወንዝ ሲጠረግ ግን አንድ ክረምት ማስረጃውን ሁሉ ያጠፋዋል። 20,000 ሜትር ኩብ ተነሥቷል የተባለለት ቦታ 8,000 ብቻ ተነሥቶለት ቢሆን በመስከረም ማን ያውቃል? ስለዚህ የወንዙ ወለል ከጠረጋው በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ መለካት አለበት፤ ልኬቱም የሥራው ተቋራጭ ባልሆነ አካል መደረግ አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የምትንከራተቱ ተማሪዎች አላችሁ፤ ርዕሱ በጨሞጋ ድልድይ ሥር ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ደጋው ልመለስ፤ ገንዘቡ ወደ ላይም መሄድ አለበት የምለው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ከዚህ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ደንበጫ አቅራቢያ፣ አንጀኒ የሚባል ትንሽ ተፋሰስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመበት፤ በ1986 ደግሞ ማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ ከቦዩ የተቆፈረው አፈር ወደ ዳገቱ በኩል ስለሚጣል ነው እንዲህ የተባለው። እነዚያ እርከኖች በዓመታት ውስጥ አፈር እየያዙ ዳገቱን ደረጃ በደረጃ አስተካክለውታል። አፈር ከምንጩ ሊያዝ እንደሚችል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው።

ሆኖም ነገሩን ማቃለል አልፈልግም። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ባለው በደብረ ማዊ ተፋሰስ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከቦረቦር የሚወጣው አፈር ከማሳው ገጽ ከሚታጠበው እጅግ ይበልጣል። እርከን ብቻ ቦረቦርን አያቆምም። ቦረቦሩ ክትር፣ ሳርና ከልቅ ግጦሽ መከለል ይፈልጋል። ቀድሞ በወንዞች ዳር የተከማቸው ደለልም ደጋው ዛሬ ቢድን እንኳ ለዓመታት መውረዱን አያቆምም። ስለዚህ የፎገራን ገበሬ ደጋው እስኪለማ ታገሥ ማለት ጨካኝ ምክር ነው። እርሱ የሚጠይቀው ስለሚመጣው ክረምት ነው። ጠረጋው ጊዜ ይገዛልናል፤ በተገዛው ጊዜ የደጋውን ሥራ ካልሠራንበት ግን በየዓመቱ ያንኑ ጊዜ ደግመን እንገዛለን።

በዚህ ረገድ በማንኛውም የበጀት ሰነድ ውስጥ የማይገኝ አንድ ትልቅ ወጪ አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የደጋው ገበሬ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለብዙ ቀናት ያለ ክፍያ እርከን ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ጉልበት በብር ቢተመን ከማሽን ኪራይ ጋር የሚወዳደር የሕዝብ ገንዘብ ነው። የምንቆጥረው ግን የኤክስካቫተሩን ሰዓት ብቻ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ አይጠበቅም። እርከኑ ተሠርቶ ጥገና አያገኝም፤ በዘመቻ የተሠራው በልቅ ግጦሽ ይፈርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ገበሬ ለዚያው ሥራ ይጠራል። ለምን እንደሚሰለች ልንገረም አይገባም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ለማሳየት ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። የመጀመሪያው ጎረቤታችን ሱዳን ናት። እ.ኤ.አ. በ1925 ከሰናር ግድብ ጋር ሥራ የጀመረው የገዚራ የመስኖ እርሻ ቦዮቹን ከደለል ለማጽዳት በየዓመቱ ከፍተኛ ወጪ ሲያወጣ ኖሯል። ያ ደለል የእኛ ማሳ ነው። ተረቱ አባይን ግንድ ይዞ የሚዞር መንገደኛ አድርጎታል፤ አፈሩን ግን አልጠቀሰም። ዛሬ ደግሞ የጎጃም አፈር አስቀድሞ የሚያርፈው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። እስከ ትናንት የሌላ አገር ወጪ የነበረው ከእንግዲህ የራሳችን ወጪ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው። በሶመርሴት ግዛት ዝቅተኛ ሜዳዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 መካከል በነበረው ክረምት ሰፊ የእርሻ መሬት ለሳምንታት በውሃ ተሸፈነ። ገበሬዎቹ ወንዞቹ ለዓመታት አልተጠረጉም ብለው ጮኹ፤ መንግሥትም በ2014 ከፓሬትና ከቶን ወንዞች 8 ኪሎ ሜትር ያህል አስጠረገ። ለእኔ ትምህርት የሚሆነኝ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። በ2015 የአካባቢው አስተዳደሮችና የሚመለከታቸው አካላት የጋራ የወንዞች ባለሥልጣን አቋቋሙ፤ ከነዋሪው በሚሰበሰብ አነስተኛ ዓመታዊ መዋጮም ጠረጋውንና በኮረብታዎቹ ላይ ውሃን የማዘግየት ሥራውን አንድ ላይ ማካሄድ ጀመሩ። ሀብታም አገር ስለሆኑ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔ ግን ሀብታም አገር እንኳ ላይና ታችን በአንድ መዝገብ ማየትን የተማረው ከጎርፉ በኋላ መሆኑን አስተውላለሁ።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ደለል በብዛት ለሚሞላባቸው ወንዞች ጠረጋው በመደበኛ በጀት የራሱ ርዕስ ይኑረው፤ የሥራው ሰሌዳም በወንዙ ዓመት ይመራ። ሁለተኛ፣ ክፍያ በልኬት ይፈጸም፤ ልኬቱም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለታችኛው ሜዳ ጠረጋ ብር በተመደበ ቁጥር ለዚያው ወንዝ ደጋ፣ በተለይ ለቦረቦር ጥገናና ለተሠራ እርከን ጥበቃ፣ በጥናት የተወሰነ ድርሻ አብሮ ይመደብ። የወንዝ አሸዋ ለግንባታ የሚያወጡ ማኅበራትም በዚህ ሥርዓት ይካተቱ። በተፈቀደ ቦታ ቢያወጡ የጠረጋውን ወጪ ይቀንሳሉ፤ በዘፈቀደ ካወጡ ግን አፋፍና የድልድይ እግር ይንዳሉ።

የደብረ ማርቆስ ግብር ከፋይ ለፎገራ ሜዳ ለምን ይከፍላል የሚል ካለ፣ መልሴ የፎገራ ግብር ከፋይም ለጮቄ እርከን ሊከፍል ይገባዋል የሚል ነው። አፈር የወረዳ ድንበር አያውቅም። ደጋው አፈሩን በማጣቱ ይደኸያል፤ ቆላውና ሜዳው የማይፈልገውን አፈር በመቀበሉ ይጎዳል። ሁለቱም የሚከስሩበት ንግድ ስለሆነ ለማስቆም ሁለቱም ቢያዋጡ ፍትሕ ነው።

ወደ አባቴ ማሳ ተመልሼ ላብቃ። የፈሰሱ ጠብ አንድ ዓመት በርትቶ ለሽማግሌ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ማን በደለ ብለው ብዙ አልመረመሩም። ማሳዎቹን ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ወርደው አዩ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ማሳ ጠርዝ አንድ አንድ እርምጃ መሬት አስተው በመካከል ሳር የሚበቅልበት የጋራ መውረጃ አበጁ፤ ፈሰስ ሁሉ ወደዚያ እንዲገባ፣ ሳሩንም ማንም እንዳያርሰው፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ሁሉም ወጥቶ እንዲጠርገው ወሰኑ። አባቴ ያቺን አንድ እርምጃ መሬት ሲያጣ ከፍቶት ነበር። ከታች ያለው ቦረቦር ሳይድን ቀርቷል፤ ዘግይተው ነበርና። በእኛና በጎረቤታችን ማሳ መካከል ግን ሌላ ቦረቦር አልተከፈተም።

ላይና ታች አብሮ የሚያይ፣ ሁሉንም የሚያስከፍልና የጠረጋውን ቀን ከዝናቡ በፊት የሚቆርጥ በጀት እንዲኖረን ነው የምመኘው።